ጎረቤት አስወጥቼ የሞላሁት ፎርም

ሶሻል ወርክ የተማርኩት ለሰው አዝኜ አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። መርሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ስንት ዓመት ከረምኩ። ከዚያ አዲስ መዋቅር መጣ ተባለና ዲፕሎማ የያዘ ሁሉ ዲግሪ ካላመጣ ከወንበሩ ይነሣል ተብሎ ተወራ። ወንበሬ ደግሞ አንድ እግሩ ተሰብሮ ከሥሩ ጡብ የተደረገለት ነበር። ለዚያ ወንበር ስል ዲግሪ ፍለጋ ወጣሁ።

ለምን ሶሻል ወርክ? ወልድያ ያለው የግል ኮሌጅ ቅዳሜና እሁድ ከሚያስተምራቸው ውስጥ ሒሳብ የማይበዛበት እሱ ብቻ ስለሆነ። አለቀ። መመዝገቢያው ወረቀት ላይ «ይህን ሙያ ለምን መረጡ?» የሚል ጥያቄ ነበር። «ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎችን ለማገልገል» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሰረቅ አድርጎ አየና ገለበጠው። ከእሱ ቀጥላ ያለችውም ከእሱ ገለበጠች። በዚያን ቀን ክፍሉ ሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለድሃ አዘነ።

ቅዳሜ ጠዋት ከመርሳ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ጉልበቴን አገጬ ሥር ወትፌ ወልድያ እገባለሁ። ኮሌጁ ከብረታ ብረት ቤት በላይ ያለ አንድ ፎቅ ነው። ሥር ብረት ሲቆረጥ ላይ «የሰው ልጅ ክብር» የሚባል ትምህርት ይሰጣል። መምህራችን ድምፁ ተሰማ አልተሰማ ግድ የለውም፤ ግድግዳው ላይ ያበራውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነበንበዋል፣ እኛም እንገለብጣለን። ጥያቄ ከተነሣ አንድ መልስ አለው፤ «ሙያው አይፈቅድም» ይላል። ለደንበኛ ስልክ ቁጥር መስጠት? ሙያው አይፈቅድም። ደንበኛ ሲያለቅስ አብሮ ማልቀስ? ኧረ በስማም፣ ሙያው አይፈቅድም! ይህ ሙያ የሚፈቅደው ነገር ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከኮሌጁ በታች ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። እውነተኛው ኮሌጅ እሱ ነው። ከእኛ በፊት የተመረቁት የጻፉት የቤት ጉብኝት ሪፖርት እዚያ ይባዛል። የሪፖርቱ ባለታሪክ አርባ አምስት ዓመቷ፣ አራት ልጆች ያሏት፣ «በራስ መተማመኗ ዝቅ ያለ» ሴት ናት። ስንት ባች እንደተመረቀባት እንጃ፣ እሷ ግን ዛሬም አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ስሟ ብቻ በየዓመቱ ይለወጣል። የክፍሌ ልጆች ግማሹ በእሷ ነው ያለፉት፤ እኔ ግን ኩራት ይሁን ጥጋብ እንጃ፣ ራሴ ሄጄ ራሴ ሠርቼ «ኤ» አገኛለሁ አልኩ። ምነው እሷን ገልብጬ በነበር!

አንድ ቅዳሜ ስለ ሚስጥር ጠባቂነት ተማርን። ደንበኛ የሚጠየቀው ለብቻው ነው፣ ጎረቤት ዘመድ መኖር የለበትም ተባለ። ከሐራ ወዲያ ካለ ገጠር የጤና ሥራ የሚሠራ አንድ ሙስሊም ወንድማችን እጁን አወጣ። «መምህር፣ በእኛ ገጠር እኮ ሰው ችግሩን በራሱ አፍ አይናገርም። እሱ አልሐምዱሊላህ ብሎ ዝም ነው። የሚናገርለት አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤቱ ነው» አለ። መምህሩ መነጽሩን አስተካክሎ «ሙያው አይፈቅድም» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እኔ የመርሳ ልጅ! እናቴ ወገቧን ታማ ተኝታ ጠያቂ ሲመጣ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ስትል፣ ጎረቤቷ ከእግሯ ሥር ተቀምጣ «ምን ደህና ናት፣ ሌሊቱን ስትጮህ ነው ያደረችው» ስትል እየሰማሁ ያደግሁ ሴት ነኝ። የምን ሳቅ ነው ግን? መምህሩ እንዲያየኝ ስለፈለግሁ ሳቅሁ።

ለመስክ ልምምድ የተመደብኩት ከግራና ከተማ በላይ ያለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ነበር። ቀበሌው ሳይሠሩ የእርዳታ ስንዴ የሚሰፈርላቸው አቅመ ደካሞች ዝርዝር ነበረው፤ ከእነሱ አንዱን ሰው ጎብኝቼ ፎርም ሞልቼ አንድ ቅጂ ለኮሌጁ፣ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ማስገባት ነው ሥራዬ። ሊቀመንበሩ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አንሸራትቶ አንድ ሽማግሌ መረጠልኝ። ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ አንዲት ልጃቸው አረብ አገር የሄደችባቸው ብቸኛ ሰው ናቸው። ተረተሩ ላይ ነው ቤታቸው፤ ስወጣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

እንግዳ መጣ ሲባል ጎረቤት ተሰበሰበ። ሁለት ሦስት ሽማግሎች ገቡና ተቀመጡ። አንዲት ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ካለው ቤቷ ውሃ በጆግ ይዛ መጥታ ሽማግሌው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ለመናገር ተዘጋጅታ ነበር። አሁን ሳስበው ያ ጉሮሮ መጥረግ ይገድለኛል። እኔ ግን ፎርሜን ከፕላስቲኩ አውጥቼ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ይቅርታ፣ ከአባባ ጋር ለብቻችን መነጋገር አለብን። ሁላችሁም ውጡልኝ» አልኩ።

እርስ በርስ ተያዩ። ሴትዮዋ «ምን ልታደርጊያቸው ነው?» አለችኝ።

«ሚስጥር ስለሆነ ነው፣ እናቴ።»

«የማን ሚስጥር? እኛ የማናውቀው ነው?» አለች። በእጄ ወደ በሩ አመለከትኳት። ሽማግሎቹ እንግዳ ላለማስቀየም ተነሥተው ወጡ፣ እሷም በመጨረሻ እያዞረች እያየችኝ ወጣችና ከቁልቋሉ አጥር ሥር ተቀመጠች። እኔ የሚስጥር ጠባቂዋ በሩን ገርበብ አደረግሁ።

«አባባ፣ የሚበሉት ይበቃዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ጤናዎስ እንዴት ነው?»

«ጌታ የወደደውን ነው ያደረገው። አልሐምዱሊላህ።»

«የጎደለብዎ ነገር አለ?»

«ምን ጎደለብኝ ልጄ! አንቺን የመሰለ እንግዳ የላከልኝ ጌታ ምን አጎደለብኝ!» አሉ፣ ፊታቸውን እኔ ወዳልተቀመጥኩበት ምሰሶ አዙረው። ዓይናቸው እንደማያይ ያን ጊዜ ገባኝ። ፎርሙ ግን የደንበኛውን ቃል ብቻ መዝግቢ፣ የራስሽን ግምት አትጨምሪ ይላል። ስለ ዓይናቸው ስጠይቃቸው «እንዳቅሚቲ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «በመጠኑ የደከመ» ብዬ ጻፍኩ።

ልወጣ ስነሣ «ሳትቀምሺ? ወላሂ አይሆንም!» አሉና ወደ አጥሩ ተጣሩ። ሴትዮዋ ወዲያው ትኩስ የማሽላ ቂጣ ይዛ መጣች። በላሁ። ከዚያ እነዚህ በቂጣው ወዝ የራሱ ጣቶቼ ምን ጻፉ? «በቤቱ ለእንግዳ መስተንግዶ የሚሆን ምግብ ተገኝቷል» ብለው ጻፉ! አቤት እኔ! ቂጣው ከማን ምጣድ እንደወጣ እያየሁ፣ እዚያው እየበላሁት።

«ኤ» አገኘሁ። መምህሩ ፎርሜን ክፍሉ ፊት ከፍ አድርጎ «ሚስጥር አጠባበቅ ማለት እንዲህ ነው። አንድም የሌላ ሰው ቃል አልገባበትም» አለ። ያ የሐራው ወንድም ብቻ አላጨበጨበም። እኔ በልቤ ቅናተኛ አልኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል መርሳ ላይ አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ፤ መሥሪያ ቤትም ጓደኞቼ «ዶክተር» እያሉ ሲያሾፉብኝ ውስጥ ውስጡን ደስ ይለኝ ነበር።

ከወር በኋላ አንድ ማክሰኞ በመዝገብ ቤቱ መስኮት አንዲት ሴት ብቅ አለች። ባለጉዳይ መስላኝ «የፋይል ቁጥር» አልኳት ቀና ሳልል።

«ያቺ ያስወጣሽኝ ሴት ነኝ» አለች።

ክው አልኩ። ገብታ እንድትቀመጥ ለመንኳት፣ አልቀመጥም አለች። ቀበሌው የእርዳታ ዝርዝሩን ሲከልስ የሽማግሌው ስም ተሰርዟል። ለምን ሲባል ሊቀመንበሩ የእኔን ፎርም አሳይቷል፤ የተማረች ሴት ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠይቃ፣ እሳቸውም በአፋቸው የጎደለብኝ የለም ብለው፣ ምግብም ተገኝቶ። በእኔ ጽሑፍ፣ በእኔ ፊርማ።

«ዓይናቸው ከጠፋ ሦስተኛ ክረምታቸው ነው» አለች። «ልጅቷ ከሄደች ወዲህ ድምጿ የለም። ስንዴው ሲመጣ እኔ አስፈጭቼ፣ እኔ ጋግሬ፣ የጎደለውን ከራሴ ሞልቼ ነው የሚበሉት። ዘንድሮ ማሽላዬን ተምች በላው። ስንዴው ከቀረ ሁለታችንም መብላታችን ነው የሚቀረው።»

«ታዲያ ያን ቀን ምነው አልነገሩኝም?» አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ይህን ጠየቅሁ!

«አስወጣሽኝ እኮ» አለች።

«እሳቸውስ ለምን ምንም አልጎደለብኝም ይላሉ?»

አየችኝ። አተያይዋ ለሞኝ የሚታዘን ዓይነት ነበር። «ምን ይበሉ? አንድ ትልቅ ሰው ቤቱ የመጣን እንግዳ ለራሱ ይለምናል? እሳቸው ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ፣ የጎደለውን እኛ እንናገራለን። ለዚህ አልነበር እንዴ የገባነው?»

ቅዳሜ እስኪደርስ ቀን ስቆጥር ሰነበትኩ። ወልድያ ገብቼ መምህሩን ደረጃው ላይ ያዝኩትና ፎርሙ ስህተት ነው፣ ይስተካከል አልኩት። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግሬድ ገብቷል። ስህተት ነው ካልሽ ልምምዱ ይሰረዛል፣ ከሚቀጥለው ባች ጋር ትደግሚዋለሽ፣ ምረቃም የለም። ስህተት ነው አትበይ። የክትትል ሪፖርት ጻፊና የደንበኛው ሁኔታ ተለውጧል በይ።»

«አልተለወጠም እኮ። ያኔም እንዲሁ ነበሩ።»

«ስሚ፣ ያኔ ምግብ ነበር ብለሻል። አሁን የለም ትያለሽ። ምክንያት ስጪው። ሰውየው እርዳታውን ያገኛሉ፣ አንቺም ትመረቂያለሽ። ማን ተጎዳ?» ብሎኝ ደረጃውን ወጣ። ሰውየውን በጣም ጠላሁት። ምክሩን ግን ወሰድኩት።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ጻፍኩ። የሽማግሌው ዓይን «ሙሉ በሙሉ ማየት አቁሟል»፤ ይህ እውነት ነው፣ ደስ አለኝ። ምግቡስ የት ሄደ? እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ተምች በላው ብል የሴትዮዋ ማሽላ እንጂ የእሳቸው አይደለም፣ ታዲያ ለምን የእሷን ማሽላ ይበሉ ነበር፣ ለምን በመጀመሪያው አልጻፍሽም ይባላል። ስለዚህ እንዲህ አልኩ፦ «ቀደም ሲል ምግብ ታቀርብላቸው የነበረች የቅርብ ጎረቤት ድጋፏን በማቋረጧ ደንበኛው ለችግር ተጋልጠዋል።» ስሟን አልጻፍኩም። ሚስጥር ጠባቂ ነኛ! እዚያ ተረተር ላይ ከእሳቸው ጋር በአጥር የምትዋሰን ሴት ግን አንድ ናት። አንዱን ቅጂ ለቀበሌው ላክሁ፤ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይቀበራል፣ ማን ያነበዋል አልኩ። በመዝገብ ቤት ኖሬ የማውቀው ይህንኑ ነው፤ የገባ ወረቀት አይነበብም።

ተነበበ። የቀበሌው ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በቀበሌው ግቢ፣ ዝርዝሩ ላይ አቤቱታ በሚሰማበት ቀን፣ ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያነበበው። አስረጂ ሆነሽ ነይ ተብዬ ከፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ። የማሽላ አጨዳ ስለነበር ከዚያ ተረተር የመጡት ሽማግሌውና እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው ያቺ ሴት ብቻ ነበሩ። ሌላው ከወዲያ ማዶ ካሉት ጎጦች የመጣ፣ ሁለቱን በመልክ እንጂ በኑሮ የማያውቅ ሰው ነው። «የቅርብ ጎረቤት ድጋፏን በማቋረጧ» የሚለው ሲነበብ ከሴቶቹ መሃል «አስተግፊሩላህ!» የሚል ድምፅ ወጣ። በእኛ አገር ዓይነ ስውር ጎረቤቱን የጣለ ሰው ቅሬው እንኳ፣ ሬሳ የሚያነሣለት ማኅበሩ እንኳ ያፍርበታል። ይህንንም አውቅ ነበር።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ማን ናት የጣለችኝ? እቺ? ይህቺ የእናቴ ምትክ? ስማኝ ልጄ፣ ስሜን ሰርዘው። ጎረቤቴን አሰድቤ የምበላው ስንዴ አይወርድልኝም። ሰርዘው!»

ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። ክፉ ሰው አይደለም፣ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነው። «አባባ፣ እንግዲያው ይህ ወረቀት ውሸት ነው? ውሸት ከሆነ በፊተኛው ነው የምሄድ። በፊተኛው ደግሞ ችግር የለብዎትም» አለና ወደ እኔ ዞረ። «እህት፣ ሁለቱም ያንቺ ነው። እውነቱ የትኛው ነው?»

አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው። ሁለቱም ውሸት ነው፣ እሳቸው ከመጀመሪያውም ችግረኛ ነበሩ፣ እሷም አንድ ቀን አልጣለቻቸውም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ለማለት ዲግሪ አያስፈልግም። አፌን ከፈትኩ። ኮርሱን መድገም መጣብኝ፣ ምረቃው መጣብኝ፣ «ዶክተር» ብለው የሚያሾፉብኝ ጓደኞቼ መጡብኝ። አፌን ገጠምኩ። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ እኔ መሬት አያለሁ።

ሴትዮዋ ተነሣች። ስትነሣ ጉልበቷን ይዛ ነው፣ ቀስ ብላ።

«እውነት ነው» አለች። «ጥያቸዋለሁ። ይጻፍ።»

«ዋሸች!» ብለው ጮሁ ሽማግሌው። «ወላሂ ዋሸች! ዛሬ ጠዋት እንኳ በእጇ ነው ያበላችኝ!»

«እርጅና ነው፣ አይስሟቸው» አለች ለሊቀመንበሩ፣ እሳቸውን ሳታይ። «የድሮውን ነው የሚያስታውሱት። ስንዴው ይሰፈርላቸው።»

ሊቀመንበሩ ተንፈስ አለ። ወረቀቱና ሴትዮዋ አንድ ቃል ሆኑለት። ስማቸውን መልሶ ጻፈ፣ ከሥሩም ምክንያቱን ጻፈ፣ እሷ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች። እኔም በአስረጂነት ፈረምኩ።

ስብሰባው ተበተነ። እሷ ሽማግሌውን እጃቸውን ልትይዝ ስትል መነጨቋት፤ ቆማ ጠበቀች፣ ኋላ ደክሟቸው ሰጧት። ተከትያቸው ወጣሁ፤ ምን ልበላት እንደነበር አላውቅም። ከወዲያ ማዶ የመጡት ሴቶች በአጠገቧ ሲያልፉ አንዷም ሰላም አላለቻትም፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እንዳትነካቸው ይመስል፣ ዞር ብለው አለፉ። እሷ ለሽማግሌው የመንገዱን ድንጋይ እየነገረች ወደ ተረተሩ ሽቅብ ወጣች።

ሴቶቹ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆሙ። አንዷ አሮጊት እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ሳሙት። «አላህ ያክብርሽ ልጄ። አንቺ ባትደርሺላቸው ያ ምስኪን በዚያች ጨካኝ እጅ አልቀው ነበር» አሉኝ።

«አሜን» አልኩ።